"ኦንላይን አልተቀበሉትም" የተባሉት ተማሪዎች

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ግቢውን ሲያዘጋው ትምህርቱ በአንዴ ወደ ኦንላይን ዞረ። እኔ የምሠራው የዩኒቨርሲቲው የኢ-ለርኒንግ ድጋፍ ክፍል ውስጥ ነበር። ስልኬ እረፍት አልነበረውም። ግማሹ መምህር ዙም እንዴት እንደሚከፈት ይጠይቃል፣ ግማሹ ደግሞ ተማሪዎቼ ጠፉብኝ ይላል።

አንድ የስታቲስቲክስ መምህር በጣም ተበሳጭተው ደወሉ። የቀጥታ ቪዲዮው ሲጀመር ተማሪው ይሞላል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ስሞች ከዝርዝሩ አንድ በአንድ ይወጣሉ። "እነዚህ ልጆች ኦንላይን ትምህርት አልተቀበሉትም" አሉኝ። ሙድል ላይ፣ ማለትም የትምህርት ጽሑፎች በሚቀመጡበት የኦንላይን መድረክ ላይ፣ የመግቢያ መዝገቡን ከፍቼ ሳይ ግን እነዚያው ልጆች ከሌሊቱ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየገቡ ስላይድ ያወርዳሉ። ትምህርቱን የጠላ ሰው በዚያ ሰዓት ምን ይፈልጋል?

ለጥቂቶቹ ደወልኩ። አንዷ የምትማረው በስልኳ ነው። የቡድን ቪዲዮ በሰዓት አንድ ጊጋባይት ገደማ ሊበላ ይችላል። "ዳታዬን ለአንድ ኮርስ ከጨረስኩ ለሌሎቹ በምን ልግባ?" አለችኝ። ሌላው ቤቱ ጸጥ የሚለው ሁሉም ሲተኛ ብቻ ነው። ካሜራ ክፈቱ ሲባል ደግሞ ይወጣል፤ ከጀርባው የሚታየው ቤተሰቡ ነዋ።

ተመራማሪው ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ሞዴል ሰው ቴክኖሎጂን የሚቀበለው ይጠቅመኛል፣ አይከብደኝም ብሎ ሲያምን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ቬንካቴሽና ባልደረቦቹ ያወጡት ሞዴል ደግሞ አመቺ ሁኔታ የሚባለውን፣ ማለትም መሣሪያውንና ድጋፉን፣ ቆጠራ ውስጥ ያስገባል። በኔ እምነት ያኔ የቸገረን ይሄ ሦስተኛው ነገር፣ አመቺ ሁኔታው፣ ነው። ልጆቹ ጥቅሙን አልካዱም፣ አጠቃቀሙም አልጠፋቸውም። ስለዚህ ፍላጎታቸውን ብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ መበተን ምንም አይነግረንም ነበር።

ለመምህሩ ያየሁትን አሳየኋቸው። ትምህርቱን አጫጭር የድምፅ ቅጂ አድርገን ከስላይዱ ጋር በቴሌግራም እንላክ፣ የቀጥታው ሰዓት ለጥያቄ ብቻ ይሁን፣ ካሜራም አይገደድ አልኳቸው። "ፊታቸውን ሳላይ እንዴት አስተምራለሁ?" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ገባው አልገባው የሚለውን ከፊት የሚያነብ መምህር ይሄ ይከብደዋል። ቢሆንም እሺ አሉ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው በጽሑፍ ይጎርፍ ጀመር፣ ያውም ክፍል ውስጥ እጃቸውን አውጥተው ከማያውቁ ልጆች ጭምር። ፒ-ቫልዩ የሚባለው የስታቲስቲክስ መለኪያ ትርጉም ላይ ብቻ ረጅም ክርክር ተነሣ፤ መምህሩም ቁጭ ብለው ለያንዳንዱ በድምፅ መለሱ።

ላቦራቶሪ ያለባቸው ኮርሶች ላይ ግን ይሄ መላ አልሠራልንም። ማይክሮስኮፕ በድምፅ ቅጂ አይላክም። እነዚያ ተማሪዎች ግቢው እስኪከፈት መጠበቅ ነበረባቸው።