ከማርሳዊው አዳኝ ጋር ያሳለፍኳቸው አሥር ወራት

መስከረም ላይ የሥዕል ቡድናችን ሲሰበሰብ እያንዳንዳችን አንድ የኮሚክ ገጸ ባሕርይ መርጠን ዓመቱን ሙሉ በእርሱ ላይ ለመሥራት ተስማምተን ነበር። ብዙዎቻችሁ ሱፐርማንንና ስፓይደርማንን ስትወስዱ እኔ ጆን ጆንዝን፣ አረንጓዴውን የማርስ ሰው፣ ወሰድኩ። አሁን ሰኔ ገብቷል። ሦስት ደብተር በእርሳስ ተሞልቷል፤ የመጀመሪያ ታሪኩን በአማርኛ ንግግር መልሼ የሣልኩባቸው ስምንት ገጾችም ከአንድ ክፈፍ (በገጹ ላይ ካለ አንድ የሥዕል ሳጥን) በስተቀር አልቀዋል። ለመማሪያ ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ ገጾቹ ከደብተሬ አይወጡም። ከእነርሱ የተማርኩትን ግን ለብቻዬ ይዤ መቅረት አልፈልግም።

ለምን እርሱን እንደመረጥኩ ጠይቃችሁኝ ነበር። ሱፐርማንም ከሌላ ዓለም የመጣ ነው፤ የመጣው ግን በመንኮራኩር ውስጥ የተኛ ሕፃን ሆኖ ነው። የአሜሪካ ገበሬዎች አሳደጉት፣ አፉን በእነርሱ ቋንቋ ፈታ፣ የተወለደባትን ፕላኔት የሚያውቃት ሲነገር ሰምቶ ነው። ጆን ወደ ምድር የደረሰው ሙሉ ሰው ሆኖ ነው። በኋላ በተጻፉት ታሪኮች ደግሞ ሚስቱንና ሴት ልጁን በሞት አጥቷል። የራሱ ቋንቋ፣ የራሱ አምላክ፣ የራሱ ሙያ ነበረው። ያንን ሁሉ በሰው መልክ ሸፍኖ በየማለዳው ሥራ ይገባል። የተሸፈነ ነገር እንዴት ይሣላል? ልማር የፈለግሁት ይህንን ነው።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስተዋውቅ። ጆን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1955 በወጣው የዲቴክቲቭ ኮሚክስ 225ኛ እትም ላይ ነው። ጸሐፊው ጆሴፍ ሳማክሰን፣ ሠዓሊው ጆ ሰርታ ነበሩ። መጽሔቱ የባትማን ቤት ስለሆነ ለማርሳዊው የተሰጡት ከኋላ ያሉ ጥቂት ገጾች ናቸው። ዶክተር ኤርደል የሚባል ሳይንቲስት አንድ መሣሪያ ሲሞክር ሳያስበው ጆንን ከማርስ ስቦ ቤተ ሙከራው ውስጥ ያቆመዋል። ሽማግሌው ባየው ነገር ደንግጦ ልቡ ይቆማል፤ ይሞታል። እንግዳውን ወደ አገሩ የሚመልሰው ሰው አይኖርም። ጆን የሰው መልክ ይይዛል፣ ራሱን ጆን ጆንስ ብሎ ይሰይማል፣ የፖሊስ መርማሪ ሆኖ ይቀጠራል። እ.ኤ.አ. በ1960 ጀስቲስ ሊግ የተባለው የጀግኖች ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ እርሱ ነበር።

ጥቅምትና ኅዳር ያለቁት የሰርታን ሥዕሎች በመገልበጥ ነው። ጆን በልብስ በኩል ቀላል ነው፤ መላጣ ራስ፣ ሰማያዊ ካባ፣ ደረቱ ላይ የሚጠላለፉ ሁለት ቀይ ጠፍሮች። አስቸጋሪው ግንባሩ ነው። ከዓይኖቹ በላይ እንደ ቤት ክዳን ወጣ ያለ ወፍራም አጥንት አለው፤ ቅንድብ ግን የለውም። መጀመሪያ ይህንን አጥንት እንደ መስመር ሣልኩት፤ ፊቱ ጠፍጣፋ ሆነ። ከዚያ ከሸክላ ጭቃ አንድ ትንሽ ራስ ሠርቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩና በባትሪ ከየአቅጣጫው እያበራሁ ሣልኩት። ለቡድናችን በሙሉ ይህንን እመክራለሁ። ጭቃው ውብ መሆን አያስፈልገውም፤ ጥላው የት እንደሚወድቅ እስካሳየ ድረስ ይበቃል።

አሁን ወደ ዓይኑ ልምጣ፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የያዘኝ እርሱ ነው።

እኔ ሥዕልን የተማርኩት በልጅነቴ የደብራችንን ግድግዳ ቀና ብዬ እያየሁ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያየናል። ክፉው በጎኑ ይሣላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ማዕድ ላይ ይሁዳን ለመለየት ጽሑፍ ማንበብ የማያስፈልገን ለዚህ ነው። ይህ ሕግ እጄ ውስጥ ገብቷል፤ ሳላስበው ነው የሚመራኝ። ጆን ደግሞ ደግ ነው፤ ከሁሉም ጀግኖች ይልቅ ታጋሽ ነው እላለሁ። ሆኖም በአዳዲሶቹ ሥዕሎች ዓይኖቹ ብሌን የላቸውም፤ ከግንባሩ አጥንት ሥር የሚያበራ ቀይ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜም በጥላ ውስጥ፣ በጎኑ ቆሞ ይሣላል። እኔ በተማርኩት ሥርዓት እነዚህ ሁሉ የክፉ ምልክቶች ናቸው።

በመጀመሪያ ሙከራዬ ብሌን ጨመርኩለት። ወዲያውኑ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ሰው ሆነ፤ ማርስ ጠፋች። በሁለተኛው ብሌኑን አውጥቼ ፊቱን ወደ ፊት ለፊት አዞርኩት። አስፈሪ ሆነ፤ የእኅቴ ልጅ አይታው ደብተሩን ዘጋችው። ለሦስት ሳምንት ያህል ከዚህ መውጣት አልቻልኩም።

መንገዱን ያሳየኝ ቶም ማንድሬክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረውን የጆንን ተከታታይ መጽሔት ከጸሐፊው ከጆን ኦስትራንደር ጋር የሠራው ሠዓሊ ነው። ማንድሬክ ጥቁር ቀለም አይቆጥብም፤ አንዳንድ ጊዜ የፊቱን ግማሽ በሙሉ ያጠቁረዋል፤ ሆኖም ሐዘኑ ይታያል። ገጾቹን ገልብጬ፣ ከላይ ወደ ታች አዙሬ፣ መስመር በመስመር ተከተልኳቸውና ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛው የራስ ዝንባሌ ነው። አገጩ ወደ ደረቱ ሲወርድ የግንባሩ አጥንት ዓይኑን ይሸፍነዋል፤ ይህ ቁጣ ነው። አገጩ ትንሽ ከፍ ሲል ብርሃን ከአጥንቱ ሥር ይገባል፣ ቀዩ ለስለስ ይላል፣ ሐዘን ይሆናል። ሁለተኛው የአጥንቱ ውስጠኛ ጫፍ ነው፤ ከአፍንጫው ሥር በላይ ያለውን ጫፍ በእርሳስ ውፍረት ያህል ብቻ ከፍ ማድረግ ቅንድብ የሌለውን ፊት ቅንድብ እንዳለው ያደርገዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኑን መጨረሻ ላይ እሣላለሁ። ትከሻው፣ አንገቱና እጆቹ ሐዘኑን አስቀድመው ካልተናገሩ ዓይኑ ብቻውን አይችለውም።

መልኩን ስለመለወጡ በአጭሩ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1988 ጄ. ኤም. ዲማቴይስና ማርክ ባጀር ባወጡት ታሪክ የምናውቀው አረንጓዴ ጀግና እውነተኛው መልኩ እንዳልሆነ ተገለጠ፤ በማርሳዊነትና በሰውነት መካከል የመረጠው ማረፊያ ነው። ራይሊ ሮስሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በሣለው ላይ ማርሳውያን እንደ ሰም ይቀልጣሉ፣ ይረዝማሉ፣ ይጠመዘዛሉ። እኔም ከሰው ወደ ማርሳዊ የሚደረገውን ለውጥ በአሥራ ሁለት ክፈፎች ሣልኩ። ሁሉንም አካል በአንድነት ስለውጥ ዓይን ይጠፋዋል፤ ተመልካቹ የሚይዘው ነገር የለም። እጆቹን እስከ መጨረሻው የሰው እጅ አድርጌ ሳቆያቸው ግን ማን እንደሆነ ሳይረሳ ይከተላል።

እሳትም መሣል ነበረብኝ፤ የጆን ድክመት እሳት ነው። በኦስትራንደር ታሪክ የማርስን ሕዝብ የጨረሰው መቅሠፍት በሐሳብ ልውውጥ የሚተላለፍ ነው፤ ሐሳቡን ለሌላው የከፈተ በእሳት ይያያዛል። ሰዎቹ የሞቱት እርስ በርስ በመነጋገራቸው ነው ማለት ነው። ይህንን ካነበብኩ በኋላ እሳቱን ለማስጌጫ መጠቀም አልቻልኩም። አክስቴ እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ ሥር የሚነደውን እንጨት ለብዙ ቅዳሜዎች ተቀምጬ ሣልኩ። ነበልባል የሚሣለው ወረቀቱን ነጭ በመተው፣ ዙሪያውን በማጥቆር ነው።

ከመጋቢት ጀምሮ የሠራሁት በንግግሩ ላይ ነው። ሥዕሉ ካስተማረኝ የማያንስ ነገር የተማርኩት እዚህ ነው።

በስሙ ልጀምር። የማርስ ስሙና የምድር ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጠሩ አንድ ዓይነት ናቸው ለማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ያለው በአጻጻፉ ነው። በፊደላችን ከጆንዝና ከጆንስ በቀር የሚለያቸው የለም። ማዕረጉን ስተረጉም ግን አማርኛ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ሰጠኝ። የእንግሊዝኛው ማዕረግ ወንጀለኛን አሳድዶ የሚይዝ ማለት ነው። እኔ «ማርሳዊው አዳኝ» አልኩት። ያደነም አዳኝ ነው፤ ያዳነም አዳኝ ነው። አንድ ቃል ሁለቱንም ሥራዎቹን ያዘልኝ፤ የትኛውን እንደሚያነብ ለአንባቢው ተውኩለት።

ከዚያ አንተና እርስዎ መጡ። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል ነው ያለው። እኔ ግን እያንዳንዱን ፊኛ (የሰውየው ንግግር የሚጻፍበትን ክብ) ከመጻፌ በፊት ጆን ያንን ሰው እንዴት እንደሚያየው መወሰን ነበረብኝ። ለፖሊስ አለቃው እርስዎ ይላል፤ ይህ ቀላል ነው። ዳያን ሚድ የምትባል የፖሊስ ባልደረባ አለችው፤ እርሷንስ? በሥራ ገበታ ላይ አንቺ ይላታል ብዬ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ እርስዎ አልኩ፣ እንደገና ሰረዝኩ። ጆን ለሰው ሁሉ ትንሽ ርቀት ይጠብቃል፤ ርቀቱ ከኩራት የመጣ አይደለም፣ ምስጢሩን ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ በአፉ ሲናገር ለሁሉም እርስዎ እንዲል አደረግሁ፤ ለዳያንም፣ ለሌባውም ጭምር።

ጆን አፉን ሳይከፍት በሐሳብ ብቻ ከሰው ጋር መነጋገር ይችላል፤ በሐሳብ ሲናገርስ? በዚህ ላይ ከሁለታችሁ ጋር ረጅም ክርክር እንደነበረን ታስታውሳላችሁ። በሐሳብም አክብሮት አይቀርም ብላችሁኝ ነበር። እኔ ግን በሐሳብ ሁሉንም አንተና አንቺ ይላል ብዬ ጸናሁ። በጸሎታችን እግዚአብሔርን አንተ እንላለን፤ ከማንም በላይ የምናከብረውን አንተ የምንለው ስለምንቀርበው ነው። የሰው ሐሳብ ውስጥ የገባ ሰው ከዚያ የበለጠ ምን ቅርበት አለው? አንባቢው በአፉ እርስዎ፣ በልቡ አንተ ሲል ካየ፣ ጆን ምን እንደሸሸገ ያለ ማብራሪያ ያውቃል። ዓይኑ የከለከለኝን ነገር ተውላጠ ስሙ ሰጠኝ።

ስለ ፊደል አጣጣል የምትጠይቁ አላችሁ። የአሜሪካ ኮሚክ በአብዛኛው በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋል፤ ድምፅ ሲጎላ ፊደሉ ይወፍራል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ውፍረቱን ብቻ ተጠቀምኩ። ዋናው ችግር የቃላችን ርዝመት ነው፤ «አልነገርኳቸውም» ብቻውን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ በጠባብ ፊኛ ውስጥም አይገባም። ስለዚህ አስቀድሜ ንግግሩን በወረቀት ላይ ጽፌ፣ ቆርጬ፣ ክፈፉ ላይ ካስቀመጥኩ በኋላ ነው ሰውን የምሣለው። ለሐሳብ ንግግሩ ደግሞ የብራናውን ሥርዓት ወሰድኩ፤ በቃላቱ መካከል ሁለት ነጥብ አለ፣ መስመሩ ሲያልቅም ቃሉ በማንኛውም ፊደል ላይ ተቆርጦ ወደ ታች ይወርዳል። በአፍ የሚነገረው ግን እንደ ዛሬ ጋዜጣ በባዶ ቦታ ይለያል። ወረቀቱ ሁለት ዓይነት ድምፅ አገኘ፤ የፊኛውን ቅርጽ መቀየር እንኳ አላስፈለገኝም።

የቀረው ክፈፍ በሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው ነው። ኤርደል ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ጆን፣ ገና ከመጣ ደቂቃ ያልሞላው እንግዳ፣ የሽማግሌውን ራስ በመዳፉ ይዟል። አሥራ አንድ ጊዜ ሣልኩት። እጆቹ ተሳክተዋል፤ ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፣ አያያዛቸው ግን ልጅ እንደሚይዝ ሰው ነው። ንግግሩም ባለፈው ሳምንት ተፈታልኝ፤ ሁለት ፊኛ ሆነ። ኤርደል እየተነፈሰ ሳለ በመጀመሪያው ፊኛ ላይ ጆን በአፉ «ይቅር ይበሉኝ» ይላል። ትንፋሹ ከቆመ በኋላ፣ በሁለት ነጥብ ተለይቶ፣ በሐሳቡ «አባት ፡ ሆይ ፡ ይቅር ፡ በለኝ» ይላል። ይህንን ንግግር በቀለም ጽፌዋለሁ፤ አልለውጠውም።

ዓይኑ ግን እስካሁን በእርሳስ ነው።