መሰብሰብና አብሮ መኖር

ሐዋሳ፣ ጥቅምት

የትኛው እንስሳ በመንጋ ይኖራል፣ የትኛውስ ለብቻው? ሐይቁ ዳር ለቆመ ሰው መልሱ ቀላል ይመስላል። አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ፣ ዓሣው ተበልቶ ፊሌቶ ከሚወጣበት አጠገብ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትከሻ ለትከሻ ተደርድረው ይቆማሉ፤ ያየ ሁሉ መንጋ ይላቸዋል። እኔ አልላቸውም። ያገናኛቸው የሚጣለው የዓሣ፣ የቆሮሶና የአምባዛ፣ አንጀት ነው። የቀደመ ነጥቆ ይውጣል፣ አንጀቱ ሲያልቅ ይበተናሉ። በመራቢያቸው ወቅት ግን ዛፍ ላይ ጎጆ ለጎጆ ተጠጋግተው ይፈለፍላሉ፤ ጉርብትና የሚባለው ያ ነው።

ጉሬዛ ሌላ ነው። አንድ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 15 ይሆናል፤ አንድ አውራ፣ ጥቂት ሴቶችና ልጆች። አዲስ የተወለደው ሙሉ በሙሉ ነጭ ስለሆነ ከሩቅ ይለያል፣ ሴቶቹም ግልገሉን እየተቀባበሉ ያቅፉታል። ምግቡ ቅጠል ነው፤ ቅጠል ደግሞ በየዛፉ ስላለ ቤተሰቡ ርቆ መሄድ አያሻውም። ለመቁጠር ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ከማደሪያ ዛፋቸው ሳይወርዱ መድረስ ነው። ሙዝ በሚሰጥበት ቦታ የተቆጠረ ቁጥር አይታመንም፤ ሁለት ቤተሰብ እዚያ ሊደባለቅ ይችላል። ሙዙ ራሱ ይጎዳቸዋል። ሆዳቸው ቅጠል እያብላላ የሚፈጭ ነው፤ ስኳር ሲበዛበት ይታወካል። እባካችሁ አትስጧቸው።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ ጉማሬ ነው። ቀን ቆዳው በፀሐይ እንዳይደርቅ ውኃ ውስጥ ይውላል፤ ምቹ ጥልቀት ያለው ቦታ ጥቂት ስለሆነም ተጠጋግተው ይተኛሉ። ሲመሽ ይወጣና ለየብቻው ይግጣል፣ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ያህል ሣር። ከሌላ ጋር የምትሄደው ግልገሏን ያስከተለች እናት ብቻ ናት። ስለዚህ "በመንጋ ነው ወይስ ለብቻው?" ብሎ የጠየቀኝን "በስንት ሰዓት?" ብዬ እመልስለታለሁ። ሰዓቱ ለሕይወትም ይጠቅማል፦ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በጉማሬና በውኃው መካከል መቆም አይገባም። መመለሻው የተዘጋበት ጉማሬ ያጠቃል።

ዓሣ አዳኝ ንስር ጥንድ ነው፤ ወንዱና ሴቷ እየተቀባበሉ ሲጮሁ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል። ሁለት ዓይነት ሌሎች ዓሣ በል ወፎች (ኪንግፊሸሮች) ግን ብዙ ያስተምራሉ። ሰማያዊው ትንሹ ቄጠማ ላይ ብቻውን ቁጭ ይላል፣ ሌላ ሲጠጋው ያባርራል። ጥቁርና ነጩ አየር ላይ ክንፉን እያርገበገበ ቆሞ ያድናል፤ ጎጆውን አፈር ገደል ውስጥ ቆፍሮ ሲፈለፍል ረዳት አለው። ረዳቱ ብዙ ጊዜ የጥንዶቹ የቀድሞ ልጅ ነው፤ ዝምድና የሌለው ወንድ የሚያግዝበትም ጊዜ አለ። ይህን ለማየት ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ አንድ ሰዓት መቀመጥና ዓሣ ይዘው የሚገቡትን መቁጠር ነው። ሦስተኛ ወፍ ዓሣ ይዞ ከገባ ረዳቱ እሱ ነው።