ኦዲዮፋይል ቤት ዋልኩ

ዛሬ የጓደኛዬ አባት ቤት ዋልኩ። ጋሼ ኦዲዮፋይል ናቸው፤ ለድምፅ ጥራት ያበዱ ሰው። ሳሎናቸው ቲቪ የለውም። ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ከግድግዳው ራቅ ብለው ቆመዋል፣ ፊት ለፊታቸው አንድ ወንበር። ወንበሩን ትንሽ ሳብ ሳደርገው "ኧረ ተው!" ብለው ጮሁብኝ። ከሁለቱም እኩል ካልራቅክ ዘፋኙ መሐል ላይ አይቆምልህም አሉኝ።

ከዚያ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር ሸክላ አወጡ። አምሃ እሸቴ ያሳተመው ነው፣ የአምሃ ሪከርድስ፤ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ የጀመረው። አቧራውን በብሩሽ ጠረጉና መርፌውን ቀስ ብለው አሳረፉት። መንጫጫቱ አለ። ግን ሳክስፎን ነፊው ትንፋሽ ሲስብ ሰማሁት! ዘፈኑን በስልኬ ስንቴ ሰምቼዋለሁ፣ ይሄን ግን አስተውዬው አላውቅም።

ሁሉንም ግን አልተቀበልኳቸውም። ሸክላ ከሲዲ ይበልጣል ይላሉ። ሲዲ ግን ድምፁን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ የሰው ጆሮ ደግሞ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ (በሴኮንድ 20,000 ንዝረት) ነው የሚሰማው። ድምፅን ለመያዝ ከንዝረቱ እጥፍ በላይ መለካት በቂ ስለሆነ፣ ሲዲ ይበቃል ባይ ነኝ። ውድ ኬብል ድምፅ ያሳምራል የሚሉትማ ጭራሽ አልተዋጠልኝም (ፊታቸው ግን ማን ይናገራል!)። የወንበሩ ነገር እውነት ነው። ማታ ስፒከሮቼን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጄ ሳሎኑን ሳተራምስ ባለቤቴ "ምን ነካህ?" አለችኝ።