ሦስተኛው መስመር

ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በሁለቱ ከተሞች አንድ ዓይነት አቶሚክ ሰዓት ቢቀመጥ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የገባው በቀን ከ5 ናኖ ሰከንድ በላይ ይቀድማል። ስበትና ፍጥነት የጊዜን አካሄድ ይለውጣሉ የሚለው የአይንስታይን አንጻራዊነት እዚሁ ደጃችን ላይ አለ። የምድር ስበት ግን ደካማ ስለሆነ ለከባዱ ፈተና ጥንድ ፑልሳር ያስፈልጋል፦ እየሾረ የሬዲዮ ምት የሚልክ፣ ከሌላ ኮከብ ጋር ተጣምሮ የሚዞር እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ኮከብ።

የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ኸልስና ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1974 በአሬሲቦ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ያገኙት ፑልሳር በ59 ሚሊ ሰከንድ አንድ ጊዜ ይሾራል፤ ምህዋሩን በ7.75 ሰዓት ይጨርሳል። ሞላላው ምህዋር ራሱ በዓመት 4.2 ዲግሪ ይዞራል። በሜርኩሪ ላይ አንጻራዊነት የሚያመጣው ዙረት በመቶ ዓመት 43 የቅስት ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 1/3600 ነው) ብቻ ነው!

የሁለቱን ኮከቦች ክብደት አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። የአንዱን ክብደት በአግድም፣ የሌላውን በቁም በሚያሳይ ግራፍ ላይ የምህዋሩ ዙረት አንድ መስመር ይሰጣል፤ ስበትና ፍጥነት በፑልሳሩ ሰዓት ላይ የሚያመጡት መዘግየት ሁለተኛውን። መስመሮቹ የሚገናኙት የፀሐይን 1.44 እና 1.39 እጥፍ ላይ ነው። እስከዚህ ድረስ ምንም አልተፈተነም፤ ሁለት ያልታወቁ በሁለት እኩልታ ተፈቱ እንጂ። ምህዋሩ ጉልበቱን በስበት ሞገድ (በኅዋ በሚሰራጭ የስበት ንዝረት) እያጣ፣ አንዱን ዙር የሚጨርስበት ጊዜ በዓመት 76 ማይክሮ ሰከንድ ያጥራል፤ አንጻራዊነት ትክክል ከሆነ ይህ ሦስተኛ መስመር በዚያው ነጥብ ማለፍ ግዴታው ነው። አለፈም። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ውበት በፊዚክስ ውስጥ የለም።

ልፋቱ የምቶቹን መድረሻ ሰዓት መለካቱ ላይ ነው። ነጠላ ምት ደካማ ስለሆነ የብዙ ደቂቃ ምቶች ተደራርበው አማካዩ ከፑልሳሩ መደበኛ የምት ቅርጽ ጋር ይመሳከራል። ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ በኅዋ ኤሌክትሮኖች ምክንያት ዘግይቶ ስለሚደርስ ቀድሞ ይስተካከላል። ከዚያ የመድረሻው ሰዓት ምድር ላይ ሳይሆን በሥርዓተ ፀሐይ የክብደት ማዕከል ላይ እንደተለካ ተደርጎ ይሰላል። በተለካውና በተተነበየው ሰዓት መካከል የሚተርፈው ልዩነት ስህተቱን ራሱ ይናገራል፦ ቀጥ ያለ ዘንበል ካለ የሹረቱ ጊዜ ተስቷል፤ ከጎበጠ ሹረቱ ቀስ በቀስ የሚዘገይበት መጠን፤ በዓመት አንዴ ከተወዛወዘ የሰማይ አድራሻው። አድራሻው በ1 የቅስት ሰከንድ ቢዛነፍ ውዝዋዜው እስከ 2.4 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል። ከሁሉም የሚከፋው አንድ ሹረት ቆጠራ ውስጥ ሲዘለል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይፋለሳል።

የጋላክሲያችን ስበትም የምህዋሩን ማጠር በ1 በመቶ ያህል ያጋንነዋል። እሱ ሲቀነስ ልኬቱና ስሌቱ በ0.2 በመቶ ውስጥ ይስማማሉ። ይህ ቅናሽ የፑልሳሩን ርቀት ማወቅ ስለሚጠይቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተገኘውን ድርብ ፑልሳር (ሁለቱም ኮከቦች ፑልሳር የሆኑበትን) እመርጣለሁ። ከእኛ በጣም ይቀርባል፣ ምህዋሩም 2.45 ሰዓት ብቻ ነው፤ የ16 ዓመት ክትትሉ ስምምነቱን ወደ 0.013 በመቶ አድርሶታል።