እኔና ቪዲዮዬ አልተስማማንም

ለሦስት ቀን ያህል ላገኘሁት ሰው ሁሉ አንድ ነገር ስናገር ነበር። «ትንሿ አውሮፕላን ከመጋጨቷ በፊት የሞተሯ ድምፅ ተቆራረጠ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» እል ነበር። ሥራ ቦታ ተናገርኩ። ቡና ላይ ተናገርኩ። አዲስ አበባ ደውዬ ለእናቴም ተናገርኩ። በኋላ የራሴን ቪዲዮ ድምፁን ከፍ አድርጌ አዳመጥኩት። የተቆራረጠ ነገር የለም።

ቀኑ ኖቬምበር 12 ቀን 2022 ነው፤ ቅዳሜ። ዳላስ ኤግዚኪዩቲቭ የሚባለው፣ ከከተማው በስተደቡብ ያለው ትንሽ አየር ማረፊያ። የቬተራንስ ደይ፣ አሜሪካኖች የቀድሞ ወታደሮቻቸውን የሚያከብሩበት ቀን፣ ማግስት ስለሆነ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች የሚበሩበት ትርኢት ነበር። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ከጋርላንድ ተነስተን እስክንደርስ ድረስ ስለ ቢ-17 ሲያስረዳኝ ነበር። ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ ናት። አሜሪካኖቹ «የሚበር ምሽግ» ይሏታል። እኔ የገባኝ ነገር ቢኖር ከቤት ጃኬት ይዘን መውጣታችን ጥሩ መሆኑን ነው። ብርድ ነበር።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሁለት ቡድን አየር ላይ ነበር። ሦስት ተዋጊዎችና አምስት ቦምብ ጣዮች፣ ቢ-17ቷን ጨምሮ። ስልኬን አውጥቼ እሷን ተከተልኩ። ልጄ የመጣው ለእሷ ነዋ። በስተግራ ያዘነበለች አንዲት ትንሽ ተዋጊ ከየት እንደመጣች አላየሁም። ፒ-63 ኪንግኮብራ የምትባለው ናት። ከትልቋ ክንፍ ትንሽ ወደ ኋላ ገባችባት። ትልቋ ለሁለት ተቆረጠች። እሳት፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ። ከአጠገባችን አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። የልጄን ፊት ሆዴ ላይ አጣብቄ ዓይኑን ሸፈንኩት። «አባዬ፣ ትርኢት ነው አይደል?» አለኝ።

አይደለም። ስድስት ሰው ሞተ፤ አምስቱ በትልቋ ውስጥ፣ አንዱ በትንሿ። መሬት ላይ የተጎዳ የለም።

መኪና ውስጥ ተቀምጠን፣ ከመኪና ማቆሚያው ለመውጣት ሰልፍ ስንጠብቅ፣ ቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ገባሁ። አንዱ ጓደኛችን «ዳላስ ምን ተፈጠረ?» ብሎ ጽፏል። «ፊት ለፊቴ ነው የሆነው» አልኩ። ወዲያው «ልቀቀው! ልቀቀው!» ተባለ። ቪዲዮውን መረጥኩ። መላኪያውን ልነካ ስል ነው አንዲት የማውቃት ሴት ትዝ ያለችኝ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ኢቲ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ፣ የእሷም ዘመድ እዚያ ውስጥ ነበር። የሰማችው ከፌስቡክ ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ብቻዋን። «እኔ መርዶ አልተነገረኝም፣ መርዶ አየሁ» ብላኝ ነበር። እኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። ሌሊት ሊነጋጋ ሲል፣ ሽማግሌ ተጠርቶ፣ ራሷን ስታ ብትወድቅ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ቆሞ ነው የሚነገራት። የእነዚህ ስድስት ሰዎች ቤተሰቦች በዚያ ሰዓት ሰምተዋል? እኔ የማውቀው ነገር የለም። ወይ እዚያው ሜዳ ላይ ቆመው እያዩ ይሆናል። መርዶ ነጋሪ ማን አደረገኝ? ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። ግሩፑ ተቀየመኝ። አንዱማ «ምን ይጠቅምሃል ይዘኸው?» አለኝ።

ጠቀመ። ኤንቲኤስቢ የሚባለው የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ፎቶና ቪዲዮ ያለው ሰው እንዲልክለት በይፋ ጠየቀ። ብላክ ቦክስ፣ የበረራ መረጃና ድምፅ የሚቀዳው ሣጥን፣ ምን እንደሆነ ብዙዎቻችን የተማርነው ከኢቲ 302 ነው፤ ሣጥኖቹ ፈረንሳይ ድረስ ሲወሰዱ በዜና ተከታትለናል። እነዚህ አሮጌ አውሮፕላኖች ግን አንዳቸውም ብላክ ቦክስ አልነበራቸውም። እንዲኖራቸውም አይገደዱም። ስለዚህ የተመልካቹ ስልክ ዋጋ ነበረው።

እዚህ ላይ ከስህተቴ የተማርኩትን ልናገር። ያየሁትን በጽሑፍ ያሰፈርኩት በሦስተኛው ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ የሌሎችን ቪዲዮ ሃያ ጊዜ አይቻለሁ፤ የዩቲዩብ ተንታኞችን ሰምቻለሁ። አንዱ ሞተር ጠፍቶ ይሆናል ብሎ ነበር። በጆሮዬ ሰማሁት ያልኩት ድምፅ የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመኝ (አይግጠመኝ!) መጀመሪያ ወረቀት ነው። ከማንም ጋር ሳላወራ፣ የራሴንም ቪዲዮ ሳላይ። የት ቆሜ ነበር፣ ምን አየሁ፣ ምኑን አላየሁም። ቪዲዮውን ደግሞ ከስልኩ እንዳለ ነው የላክሁት። ቴሌግራም ቢያልፍ ጥራቱ ይወርዳል። ጫፍና ጫፉን መቁረጥም የለም፤ ለእኛ ባዶ ሰማይ የሚመስለን ለእነሱ መረጃ ነው። የሞተሩን ወሬ ከጽሑፉ ሰርዤ «ከመጋጨቷ በፊት ትንሿን አላየኋትም» ብቻ አልኩ። እንደ ምስክር ያሳፍራል። እውነቱ ግን እሱ ነው።

የምርመራው ውጤት ለመውጣት ሁለት ዓመት ፈጀ። እኔ እስከዚያ ፍርድ ሰጥቼ ጨርሻለሁ፤ ጥፋተኛው የትንሿ አብራሪ ነው። የመታው እሱ አይደል? ሪፖርቱ ሌላ ነገር ይላል። ማን በየትኛው ከፍታ እንደሚበር፣ አንዱ ቡድን ሌላውን እንዴት እንደሚያልፍ ከመነሳታቸው በፊት የተነጋገሩበት በቂ ዕቅድ አልነበረም። መሬት ላይ ሆኖ ትርኢቱን የሚመራው ሰው በሬዲዮ እየነገራቸው፣ አብራሪዎቹም በዓይናቸው እየተያዩ እንዲተላለፉ ነበር የታሰበው። ከተቀመጡበት ሆነው ደግሞ መተያየቱ ቀላል አልነበረም። የራሳቸው አውሮፕላን አካል ይጋርዳቸዋል፤ አቅጣጫቸው አይመችም፤ ትኩረታቸውም ብዙ ቦታ ተከፋፍሏል። ያንን አብራሪ ስንት ቡና ላይ እንደከሰስኩት ቆጠርኩ። ነፍሱን ይማር።

ባለፈው ስልክ ስቀይር ፋይሎቹን ሳዛውር ልጄ አየ። አሁን አድጓል፤ ድምፁ እየጎረነነ ነው። «ማየት እችላለሁ?» አለኝ። እናቱ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። «መጀመሪያ የምታስታውሰውን ጻፍልኝ» አልኩት፤ ያቺኑ የወረቀት ትምህርቴን። ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ አራት መስመር ጻፈ። የመጨረሻው «አባዬ ዓይኔን አልሸፈነኝም። ሁሉንም አየሁ» ይላል።

ልከራከረው አስቤ ነበር። ፊቱን ሆዴ ላይ እንዳጣበቅሁት እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ማታ ብቻዬን ቪዲዮውን ከፈትኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ መጀመሪያዬ ነው። በፊት የማየው ሰማዩን ብቻ ነበር፤ አሁን እጄን ፈለግሁ። ምስሉ አይነቃነቅም። አውሮፕላኖቹ ወድቀው፣ ጭሱ ተነስቶም አይነቃነቅም። ስልኩን በሁለት እጄ ነው የያዝኩት። ከታች፣ ከወገቤ አካባቢ፣ የልጅ ድምፅ «አባዬ» ይላል። ደግሞ «አባዬ»። ቪዲዮው ይቀጥላል።