«ሁሉንም እሰማ ነበር»

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ በሚገኝ ክሊኒክ በነርስነት ስሠራ ነው የገጠመኝ። አንዲት የ17 ዓመት ተማሪ ከሌሊት ጀምሮ ሲያስመልሳትና ሲያስቀምጣት አድሮ እናቷ ደግፈው አመጧት። ከንፈሯ ደርቋል እንጂ ብዙ አልተጎዳችም። አንድ ፓኬት ኦ አር ኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ በማንኪያ ቀስ እያሉ ማጠጣት ይበቃት ነበር። ግን ታካሚው በዝቷል፣ እናትየውም «መርፌ ስጧትና ልጄ ትረፍ» ይላሉ። ፕላሲል የተባለው የማስመለስ ማቆሚያ መርፌ 10 ሚሊ ግራም ታዘዘላት፤ ወጋኋት። ማስመለሱ ቆመ፣ መርቀውኝ ሄዱ። ስለ መድኃኒቱ አንዲት ቃል አልነገርኳቸውም።

ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ባጃጅ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። ልጅቷ አንገቷ ወደ ግራ ትከሻዋ ተጠምዝዟል። ዓይኖቿ ወደ ጣሪያው ተሰቅለው ቀርተዋል፤ ምላሷ ወጥቶ አልመለስ ብሏል። እንባዋ ይወርዳል፣ መናገር ግን አትችልም።

«ሲስተርዬ፣ ልጄን ምን ነካብኝ? ጎረቤቱ ሁሉ ለክፏት ነው ይላል። ጠበል ልወስዳት ስል ወንድሟ ነው አስገድዶ ወደዚህ ያመጣን።»

ከእኛ መካከል የሚጥል በሽታ ነው ያለ ነበር፤ መንጋጋ ቆልፍን የጠረጠረም ነበር። አንጋፋው ጤና መኮንን ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ዛሬ ምን መድኃኒት ወስዳለች?» ጉልበቴ ከዳኝ።

ፕላሲል፣ ማለትም ሜቶክሎፕራማይድ፣ ማስመለስን የሚያቆመው በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፈውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራ በማገድ ነው። የሰውነታችን እንቅስቃሴ ሥርዓት የሚይዘውም በዶፓሚን ስለሆነ፣ በተለይ በልጆችና በወጣት ሴቶች ላይ መጠኑ ትክክል ሆኖ እንኳ ጡንቻን እንዲህ ሊያኮማትር ይችላል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በ2013 እ.ኤ.አ. ከ5 ቀን በላይ እንዳይወሰድ፣ ከ1 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናትም ጭራሽ እንዳይሰጥ ያሳሰበው በነርቭ ላይ በሚያስከትለው ጉዳት ምክንያት ነበር። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ለፈተና አጥንቼ ለታካሚዬ ግን ሳልነግራት ቀረሁ።

ጡንቻን የሚያላላው መድኃኒት፣ ዲያዜፓም፣ በደም ሥሯ ቀስ እያለ ሲገባ እጇን ይዤ ነበር። መጀመሪያ መንጋጋዋ ላላ፣ ከዚያ አንገቷ ተቃና። ዓይኖቿ ከጣሪያው ወርደው እናቷን አገኙ። የመጀመሪያ ቃሏ «ሁሉንም እሰማ ነበር» የሚል ነው። ሞተች ሲሉ፣ ለከፏት ሲሉ፣ ባጃጁ ውስጥ እናቷ ሲያለቅሱ፣ አንዱም አላመለጣትም። ይህ ሁኔታ ራስን አያስትም። እኔ ግን አጠገቧ ቆሜ ስለ እርሷ የማትሰማ ይመስል ሳወራ ነበር።

መኮማተሩ ሊመለስ ስለሚችል እስኪነጋ አልጋ ላይ አቆየናት። ጠዋት ካርዷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፕላሲል አይሰጣት» ብዬ ጻፍኩ፤ በትንሽ ወረቀትም ደግሜ ጽፌ ለእናቷ ሰጠኋቸውና የት ሄደው ቢታከሙ አስቀድመው እንዲያሳዩ ነገርኳቸው። እሳቸውም ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።