ፖከር ላይ መድፈር የተማርኩት እንዲህ ነው

ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን የፖከር ዓይነት ስጫወት ለረጅም ጊዜ የማውቀው መከተል ብቻ ነበር። ሰው ሲመድብ ኮል እላለሁ (የመደበውን ያህል አስገባለሁ)፣ ካልመጣልኝ እጥላለሁ። ጥሩ ካርታ ይዤ ሬይዝ ሳደርግ (ምድቡን ከፍ ሳደርግ) ደግሞ ሁሉም ወዲያው ይገባውና ይጥላል። እንዲህ ሲኬድ ቺፕ (በገንዘብ ፋንታ የሚመደበው) ቀስ እያለ ያልቃል። ስለዚህ መድፈር አለብኝ አልኩ።

መጀመሪያ ላይ ግን ያደረግኩት መድፈር ሳይሆን መጣደፍ ነው። አንድ ቀን ምንም ሳልይዝ ፍሎፕ (መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስት የጋራ ካርታዎች) ላይ መደብኩ፣ ተርን (አራተኛው) ላይ ደገምኩ፣ ሪቨር (አምስተኛውና የመጨረሻው) ላይ የቀረኝን ሁሉ ወደ መሃል ገፋሁት። ሰውየው ትንሽ አሰብ አደረገና ኮል አለ። የያዘው መካከለኛ ጥንድ ነበር። ይሄ ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥንድ ይዞ አንድም ጊዜ አልጣለም! ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲጫወት እያየሁት፣ እኔ የራሴን ካርታ ብቻ ነበር የማስበው።

ከዚያ ወዲህ ከመመደቤ በፊት ራሴን እጠይቃለሁ። ከእኔ ያነሰ ይዞ የሚከተለኝ ማን ነው? ከእኔ የበለጠ ይዞ የሚጥልልኝስ? ሁለቱም ከሌሉ ቺፔን አልነካም።

ሂሳቡም በጣም ረድቶኛል። መሃል ላይ 100 ቺፕ አለ እንበል። ባዶ እጄን 50 ከመደብኩ፣ ከ3 ጊዜ 1 ጊዜ ከጣሉልኝ አልከስርም። 100 ከመደብኩ ግን ከ2 ጊዜ 1 ጊዜ መጣል አለባቸው። ማይጥል ሰው ላይ ደግሞ የትኛውም መጠን አይሠራም፤ እሱ ላይ የምመድበው በእውነት ስይዝ ብቻ ነው።

ቦታም ወሳኝ ነው። በተን (የአዳዩ ቦታ) ላይ ስሆን ከፍሎፕ በኋላ የምወስነው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ የሌላውን ሁሉ ውሳኔ አይቼ ነው የምንቀሳቀሰው። ድፍረቴን በብዛት የማወጣው እዚያ ነው። ተናድጄ ከሆነ ግን የትም ብቀመጥ አልጫወትም፣ እነሳለሁ።

ብለፍ የማደርግበትንም (ጥሩ እጅ እንደያዝኩ አስመስዬ የምመድብበትን) ካርታ መምረጥ ጀመርኩ። በቅርቡ በተን ላይ የልብ አስና የልብ 5 ይዤ ነበር። ፍሎፑ ኪንግ፣ 8 እና 2 ሆነ፣ ኪንጉና 2ቱ ልብ ናቸው። አንድ ልብ ከተጨመረ አምስት ልብ ይሞላልኛል፣ ያ ደግሞ ጠንካራ እጅ ነው። ገና 9 ልብ ቀርቷል፤ እስከ ሪቨር ድረስ አንዱ የመምጣት ዕድሉ 35 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ተጋጣሚዬ ቢከተለኝም ተስፋ አለኝ። ሲመድብ ሬይዝ አደረግኩ፣ ተከተለ። ተርኑ ጥቁር 9 ነው። መደብኩ፣ አሁንም ተከተለ። ሪቨሩ ጥቁር 6።

እጄ ቺፑ ላይ ነበር። ኪንግ እንደያዘ ጠረጠርኩ፣ ሁለቴ ተከትሎኝ አሁን ይጥላል ብዬም ማመን አልቻልኩም። ቼክ አልኩ፣ ማለትም ሳልመድብ አለፍኩ። ኪንግና 10 ገለጠ። መሃል ያለውን ቺፕ ወሰደ፣ እኔ ግን ከቺፔ ከግማሽ በላይ ቀርቶልኝ ቀጣዩን ካርታ ጠበቅኩ።